ለቆየ የሆድ ሕመም ትክክለኛ ምርመራ ማግኘት፦ በአዲስ አበባ ከቤት እስከ ውጤት ያለው ቅደም ተከተል

ሆዱን ለወራት የሚያመው የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) ገዝቶ ይውጣል፤ ጥቂት ቀን ይሻለዋል። ሕመሙ ሲመለስ ወደ ቅርብ ክሊኒክ ገብቶ ደምና ሰገራ ይሰጣል፤ «ጨጓራ ነው፣ ትንሽ ታይፎይድም አለ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ሳይድን ሲቀር ሌላ ክሊኒክ ይገባና ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ጨጓራ ግን የአካል ክፍል ስም ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም።

ውጤት የሚጠፋው በአብዛኛው ምርመራ ስላነሰ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለተዛባ ነው፦ መድኃኒቱ ከምርመራው ይቀድማል፣ ምርመራው ደግሞ ከታሪኩ ይቀድማል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሳይዘሉ ይከተሉ። መመሪያው መድኃኒት አያዝም፤ ሐኪሙ በትክክለኛ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዲያዝልዎ ያዘጋጅዎታል።

አስቀድሞ፦ ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ማንበብዎን ያቁሙና ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

- ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፤
- እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ሰገራ፤
- ድንገት የጀመረና የማያቋርጥ ኃይለኛ ሕመም፣ በተለይ ሆድ ሲነካ እንደ ጣውላ ከጠነከረ፤
- ከማስመለስ ጋር ፈስና ሰገራ ጨርሶ መቆም፤
- ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር የዓይን ቢጫ መሆን።

በራስዎ መሄድ ካልቻሉ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ። ደረት መሀል የሚጨመድድ፣ ላብ የሚያስመጣ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመምንም «ቃር ነው» ብለው አይለፉት። የልብ ደም ሥር መዘጋት ከጨጓራ ሕመም ጋር ይምታታል፤ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ በዚያው ሰዓት ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሡ።

ሌሎች ምልክቶች ደግሞ ድንገተኛ ባይሆኑም ማስታወሻ እየያዙ ሁለት ሳምንት ለመቆየት አይፈቅዱም። ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ በሰገራ ላይ ደም መታየት፣ ደም ማነስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ዕድሜ ከ50 ካለፈ በኋላ አዲስ የጀመረ የሆድ ሕመም፣ እንዲሁም በቅርብ ቤተሰብ የታየ የጨጓራ ወይም የአንጀት ካንሰር ካለ ቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ። ስለ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) አስፈላጊነትም በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ የ14 ቀን ማስታወሻ ይያዙ

አንድ ደብተር ይግዙና በየቀኑ የሚከተለውን ይመዝግቡ፦ ምን እንደበሉና እንደጠጡ ከነሰዓቱ፣ ምን እንደተሰማዎት ከነሰዓቱ፣ ስንት ጊዜ እንደተጸዳዱና የሰገራው መልክ ምን እንደሚመስል።

1. ስሜቶቹን ለያይተው ይጻፉ። «ጨጓራዬን አመመኝ» ለሐኪም የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ከእምብርት በላይ ማቃጠል፣ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ቃር፣ ግሳት፣ ቶሎ የመጥገብ ስሜት፣ የሆድ መንፋት፣ ከእምብርት በታች የሆነ ቁርጠት እያንዳንዳቸው ወደተለያየ አቅጣጫ ይመራሉ።
2. ሕመሙ በምግብ፣ በባዶ ሆድ ወይም ከተጸዳዱ በኋላ ይብስ ወይም ይቀንስ እንደሆነ ምልክት ያድርጉ።
3. የሚጾሙ ከሆነ 14ቱ ቀናት የጾምም የፍስክም ቀን እንዲኖራቸው ያድርጉ። በረቡዕና በዓርብ የማይኖርና በሌሎቹ ቀናት የሚመለስ መንፋት ከወተት ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።
4. ማኪያቶን እንደ ምግብ ይቁጠሩት። «ወተት አልጠጣም» የሚሉ ሰዎች በቀን ሦስት ማኪያቶ ሲጠጡ ማየት የተለመደ ነው።

በእነዚህ ቀናት አመጋገብዎን አይለውጡ። በርበሬውንም ዳቦውንም ወተቱንም በአንድ ጊዜ የሚተው ሰው ቢሻለው እንኳ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

*ማስታወሻው ከተቋረጠ፦* የጎደለውን ቀን ከግምት አይሙሉ፤ ባዶ ይተዉትና ይቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ የቆዩ ወረቀቶችንና የዋጧቸውን መድኃኒቶች ይሰብስቡ

እስካሁን የተመረመሩበትን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ማኅደር ያስገቡ። ወረቀቱ የጠፋ ከሆነ ወደ ክሊኒኩ ተመልሰው በካርድ ቁጥርዎ ቅጂ ይጠይቁ። «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» (ይህ የጨጓራ ባክቴሪያ አለ) የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ምርመራው የተሠራው ከደም ይሁን ከሰገራ መታወቅ አለበት። ምክንያቱ በደረጃ 6 ይገለጻል።

ቀጥሎ ባለፉት ሦስት ወራት የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በዝርዝር ይጻፉ፤ ማሸጊያቸው ካለ ይዘውት ይሂዱ። ለወገብና ለራስ ምታት የሚዋጡት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራ ቁስለት ያመጣሉ፤ ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የብረት እንክብል ሰገራ ያጠቁራል፣ ያደርቃልም። ጫት፣ አረቄ፣ የባህል መድኃኒት፣ ኮሶ፣ ጠበል ካለ ሁሉንም ይጨምሩ። ብዙዎች ሐኪሙ እንዳይቆጣቸው ይህን ይደብቃሉ፤ የሚደበቀው ነገር ግን አንዳንዴ መልሱ ራሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ምርመራውን የሚያሳስቱ መድኃኒቶችን በጊዜው ያቁሙ

በዚህ ጽሑፍ ከአንድ ደረጃ በላይ የማስታወስ አቅም ከሌለዎት ይህኛውን ይያዙ። ኦሜፕራዞል ወይም አንቲባዮቲክ እየወሰደ ለኤች ፓይሎሪ የሚመረመር ሰው ባክቴሪያው እያለበት «ነጻ ነህ» ሊባል ይችላል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳያጠፋ ቁጥሩን ስለሚቀንሰው ምርመራው ያጣዋል።

1. ከሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን ቅንጣት በሰገራ ከሚፈልግ ምርመራ)፣ ከትንፋሽ ወይም ለኤች ፓይሎሪ ከሚወሰድ የኢንዶስኮፒ ናሙና በፊት ኦሜፕራዞልን፣ ፓንቶፕራዞልንና ኢሶሜፕራዞልን ለ2 ሳምንት ያቁሙ።
2. የመጨረሻውን አንቲባዮቲክ ወይም ቢስሙዝ ያለበትን መድኃኒት ከጨረሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቆዩ።
3. በመሀል ማቃጠሉ ካስቸገረዎ የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ የአሲድ ማብረጃ መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።
4. ለጥገኛ ትላትል የሰገራ ምርመራ የሚሰጡ ከሆነ ሜትሮኒዳዞል፣ ቲኒዳዞል ወይም አልቤንዳዞል «ለማንኛውም» ብለው አስቀድመው አይዋጡ።
5. የስንዴ አለመስማማት በሽታ፣ ማለትም ሲሊያክ፣ ከተጠረጠረ ስንዴና ገብስ መብላትዎን አይተዉ። የደም ምርመራው የሚሠራው ሰውነት እህሉን እያገኘ ሲሆን ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ያለው ፕሮቲን) ስለሌለው እንጀራ ብቻ የሚበላ ሰው በሽታው እያለበት ውጤቱ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ዳቦ ወይም ሌላ የስንዴ ምግብ መብላት ያስፈልጋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ቁስለት ደምቶብዎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ለልብ አስፕሪንና የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ኦሜፕራዞሉን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። አስፕሪኑንና ማቅጠኛውን ደግሞ ያዘዘልዎት ሐኪም ሳያውቅ በፍጹም አይተዉ።

*ረስተው ትናንት ከዋጡ፦* ምርመራውን ያዘግዩ። ተመርምረው ከሆነ ደግሞ «አለ» የሚለው ውጤት ይታመናል፤ የማይታመነው «የለም» የሚለው ነው።

ደረጃ 4፦ የት እንደሚጀምሩ ይወስኑ

በመንግሥት ተቋም የሚታከሙ ከሆነ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በሪፈር ወረቀት እንደ ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው፣ የካቲት 12 ወይም ዳግማዊ ምኒልክ ወዳሉት ሆስፒታሎች ይላካሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ሲሆን ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ይህን ሰንሰለት መዝለል ከኪስ ያስከፍላል። በልማት ምክንያት ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱ ሰዎች መታወቂያና የመድህን ደብተራቸው ከየትኛው ጤና ጣቢያ ጋር እንደተያያዘ ከመታመማቸው በፊት በወረዳቸው ቢያረጋግጡ ይሻላል፤ ሕመም ይዞ ከሁለት ቢሮ መመላለስ ከባድ ነው።

በግል የሚታከሙ ከሆነ መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያግኙ፤ ከተቻለ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት። ሐኪም ሳያዩ «ሙሉ ምርመራ» የሚባል የላቦራቶሪ ጥቅል አይግዙ። ብዙ ምርመራ በተሠራ ቁጥር ከሕመሙ ጋር የማይገናኝ ጥቃቅን ነገር ይገኛል፤ ከዚያ የተገኘው ይታከማል፣ የመጡበት ሕመም ግን ባለበት ይቀመጣል።

ደረጃ 5፦ ሐኪሙ ፊት በሁለት ደቂቃ ይናገሩ

ተመላላሽ ክፍል ወረፋው ረጅም፣ የሐኪሙ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ታሪክዎን አስቀድመው በወረቀት ይጻፉና ያንብቡት። ለምሳሌ፦

«ዶክተር፣ ከእምብርቴ በላይ ማቃጠል ከጀመረኝ 8 ወር ሆኖኛል። በሳምንት አራት ቀን ያህል ይነሣል፤ ባዶ ሆዴን ስሆን ይብሳል፣ ስበላ ይቀንሳል። ክብደቴ አልቀነሰም። ለወገቤ ዳይክሎፌናክ ለሁለት ወር ወስጃለሁ። ኦሜፕራዞል ካቆምኩ 16 ቀን ሆኖኛል። የቀድሞ ውጤቶቼና የ14 ቀን ማስታወሻዬ እነሆ።»

ይህን ካሉ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ይመርመሩዎት። ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በዋናነት የጠረጠሩት ምንድን ነው?»፣ «ይህ ምርመራ ያንን እንዴት ይለያል?»፣ «ውጤቱ ነጻ ቢሆን ቀጣዩ ምንድን ነው?» ሐኪም መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው ታላላቆች አብሯቸው የሚገባ ልጅ ወይም ዘመድ ቢይዙ ይመረጣል።

*ሳይጠየቁና ሳይመረመሩ መድኃኒት ከታዘዘልዎ፦* በትሕትና «ምርመራው ከመድኃኒቱ በፊት ቢሠራልኝስ?» ይበሉ። ምክንያቱ ካልተብራራልዎ ሌላ ሐኪም ማየት መብትዎ ነው።

ደረጃ 6፦ ላቦራቶሪ

*ሰገራ።* እዚያው ላቦራቶሪው መጸዳጃ ቤት መስጠት ከቤት ይዞ ከመምጣት ይሻላል፤ በተለይ ሰገራው ቀጭን ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዘገየ የሚንቀሳቀሱት አሜባና ጃርዲያ ይሞታሉ፣ ይበላሻሉም። ሽንት ወይም የመጸዳጃ ውሃ እንዳይቀላቀልበት ይጠንቀቁ። ደም ወይም ንፍጥ ያለበት ክፍል ካለ ከዚያ ይውሰዱ። ጃርዲያ በየቀኑ ስለማይወጣ አንድ ነጻ ውጤት አይበቃም፤ በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ይስጡ።

ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካዩ በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። የኮሶ ትል በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ይታጣል፤ ቁራጩን ማየት ግን ነገሩን ይጨርሳል። ጥሬ ሥጋ ወይም ለብለብ ክትፎ የሚወዱ ከሆነም ይናገሩ። እንደ ጣናና ዝዋይ ባሉ ሐይቆች ዋኝተው ከሆነ ቢልሃርዚያ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ዕንቁላሎቹ ጥቂት ሲሆኑ በተለመደው ፈጣን እይታ ስለሚያመልጡ ሰገራውን አጣርቶ በሚያጠራቅም ዘዴ መሠራት አለበት።

«አሜባ አለ» የሚል ወረቀት በየጊዜው የሚደርስዎ ከሆነ ይህን ይወቁ፦ ጎጂውና ጉዳት የሌለው አሜባ በማይክሮስኮፕ መልካቸው አንድ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በሌለበት፣ በየወሩ ሜትሮኒዳዞል መዋጥ መፍትሔ ስለማይሆን ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

*ኤች ፓይሎሪ።* የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይጠይቁ። ከጣት ወይም ከክንድ ደም የሚሠራው አንቲቦዲ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት «አለ» ማለቱን አይተውም። በዚህ ምክንያት ብቻ «አልሞተም» ተብለው ሦስትና አራት ዙር አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች አሉ።

*ታይፎይድና ታይፈስ።* እኔ ራሴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ተብዬ ሦስት ጊዜ ታክሜያለሁ፤ በሦስቱም ጊዜ ትኩሳት አልነበረኝም። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ኢንፌክሽን፣ በክትባት ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ 1፥160 መጻፉ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ታይፎይድ ዋና ምልክቱ ለቀናት የሚቆይ ትኩሳት ሲሆን የሚረጋገጠውም በደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም ናሙና አሳድጎ በማየት) ነው። ትኩሳት ሳይኖር ለወራት የዘለቀ መንፋትና ቃር ታይፎይድ አይደለም። ስለ ታይፈሱ ዌይል ፌሊክስ ምርመራም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያድርጉ።

*ሌላ የደም ምርመራ።* የደም ሴል ቆጠራ፣ የጉበት፣ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ፣ ኤችአይቪ፣ እንደ ሁኔታው ሲሊያክ። ሐኪሙ ይመርጣል።

ደረጃ 7፦ አልትራሳውንድና ኢንዶስኮፒ

አልትራሳውንድ የሐሞት ከረጢትን፣ ጉበትንና ቆሽትን ያሳያል፤ የጨጓራን ቁስለት ግን አያሳይም። «አልትራሳውንድ ተነሥቼ ጨጓራዬ ነጻ ነው ተባልኩ» ማለት ስሕተት ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ ይሂዱ፤ ከበሉ የሐሞት ከረጢቱ ስለሚኮማተር ጠጠር ሊደበቅ ይችላል። ጠጠር ከተገኘም ለመቀደድ አይቸኩሉ። ብዙ ጠጠር ሕመም ሳያመጣ ይኖራል፤ የእርስዎ ሕመም ከቀኝ ጎድን ሥር የሚነሣና ለሰዓታት የሚቆይ ካልሆነ ጥፋቱ የሌላ ሊሆን ይችላል።

ለኢንዶስኮፒ፦

1. ሲመዘገቡ ዋጋው ናሙና መውሰድንና የናሙናውን ምርመራ ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይከፈላል።
2. የስኳር መድኃኒት፣ የደም ማቅጠኛ፣ አለርጂና እርግዝና ካለ ቀድመው ያሳውቁ።
3. ማታ ቀለል ያለ እራት ይብሉ፤ ከዚያ በኋላ በተነገረዎት ሰዓት ልክ ይጹሙ። ጠዋት ቡናም ማስቲካም የለም።
4. ማደንዘዣ የሚሰጥዎ ከሆነ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ በዚያን ቀን መኪና አይንዱ።
5. ናሙና ከተወሰደ የሚወጣበትን ቀን ይጻፉና ተመልሰው ይውሰዱ። ሰዎች «ጋስትራይተስ» (የጨጓራ ሽፋን መቆጣት) የሚለውን የመጀመሪያ ወረቀት ይዘው ይጠፋሉ፤ ዋናው መልስ ግን ከሳምንታት በኋላ በሚደርሰው የናሙና ውጤት ላይ ነው።

ለትልቁ አንጀት ምርመራ፣ ለኮሎኖስኮፒ፣ ትልቁ ሥራ ማጠቢያው ነው። የብረት እንክብል ከሳምንት በፊት በሐኪም ምክር ያቁሙ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬና ፍሬ ያለበት አትክልት ይተዉ። የማጠቢያ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ይጠጡ። የሚወጣው እንደ ሽንት የጠራ ቢጫ እስኪሆን አልተዘጋጁም ማለት ነው።

*ጠዋት ላይ ገና ደፍርሶ ከወጣ፦* ሳይደብቁ ለነርሷ ይንገሩ። ባልጸዳ አንጀት ላይ የተሠራ ምርመራ «ነጻ» ቢል አያጽናናም።

ደረጃ 8፦ ውጤቱ ከመጣ በኋላ

*ኤች ፓይሎሪ ከተገኘና ከታከሙ፦* መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳይዘሉ ይጨርሱ። ከጨረሱ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ደግሞ ከ2 ሳምንት በኋላ፣ በሰገራ አንቲጅን መጥፋቱን ያረጋግጡ። ካልጠፋ ያንኑ መድኃኒት መድገም ተገቢ አይደለም፤ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ይምረጥ። ባክቴሪያው ጠፍቶ ሕመሙ ከቀጠለ ደግሞ ምክንያቱ እሱ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይሸከመዋልና።

*ጃርዲያ ታክሞ መንፋቱ ካልቆመ፦* ወዲያው «መድኃኒቱ አልሠራም» አይበሉ። ጃርዲያ የቀጭኑን አንጀት ሽፋን ስለሚጎዳ ወተት ለሳምንታት ላይስማማ ይችላል። ማኪያቶውንና ወተቱን ለ2 ሳምንት ይተዉ፤ ቅቤ ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ) እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። ከዚያ ወተቱን መልሰው ይጀምሩና ልዩነቱን በማስታወሻዎ ይመዝግቡ። ሳይመልሱ የቀረ ሙከራ ግማሽ ሙከራ ነው።

*የአንጀት ቁስለት ወይም ክሮንስ (የቆየ የአንጀት ብግነት) ከተባለ፦* የዕድሜ ልክ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የአንጀት ቲቢ መጣራቱን ይጠይቁ። ሁለቱ በኮሎኖስኮፒ ይመሳሰላሉ፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

*ሁሉም ነጻ ከሆነ፦* «ምንም የለብህም» የሚለውን ቃል እንደ ምርመራ ውጤት አይቀበሉ። ባለፉት 3 ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም ካለ፣ ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ከመያያዙ፣ የመጸዳዳት ብዛት አብሮት ከመለወጡና የሰገራው መልክ አብሮት ከመለወጡ ቢያንስ ሁለቱ ከታዩ፣ ከጀመረም 6 ወር ካለፈው ሐኪሙ የአንጀት መቆጣት፣ አይቢኤስ የሚባለውን ሊሰይም ይችላል። ይህ ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው በሽታ ነው፤ የፈጠራ ሕመም አይደለም። ጭንቀት ያባብሰዋል መባሉም «ከራስህ ነው» ማለት አይደለም።

ስሙ ከተሰጠዎ በኋላ በየሦስት ወሩ ኢንዶስኮፒ አይድገሙ። ማኅደሩን ግን አይጣሉት፤ ወረቀቶቹን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ክብደት መቀነስ ከጀመረ፣ ደም ከታየ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ከመጣ ወይም ምግብ ሲውጡ ከያዘዎ የቀድሞው ስም ምንም ይሁን ምን ማኅደሩን ይዘው ከደረጃ 4 እንደገና ይጀምሩ።